ቅቤ የለውም ያልኳቸው ቀን

ታላቅ ወንድሜ በጾም ቀን የቀረበላቸውን «ቅቤ ነክቶታል?» ብለው ሳይጠይቁ አይቀምሱም ነበር። ሲሰለቸኝ «እናታችንንም እጠይቃት ነበር» ይሉኝ ነበር።

አምና በሁዳዴ ለዓይናቸው ሕክምና ከላስታ አዲስ አበባ ይዣቸው ሄድኩ። ሥጋ የማይገባበት የደቡብ ሕንዶች ምግብ ቤት አለ ሲሉን ገባን። ዶሳ የሚሉትን፣ እንደ ቂጣ ስስ ሆኖ የተጠቀለለ ነገር አመጡልን።

«ቅቤ ነክቶታል?»

«አልነካውም ጋሼ፣ ይብሉ» አልኩ፣ ማንንም ሳልጠይቅ።

ጣፈጣቸው፤ አስጨመሩ። አስተናጋጇን «እጅሽ ይባረክ፣ በምን ጠበሳችሁት?» አሏት።

«በቅቤ ነው አባባ።»

እጃቸውን አነሱ። «ከልጅነቴ የጠበቅሁትን ጾም አስገደፍኸኝ» አሉኝ።

«ሳያውቁ ነው የበሉት፤ የንስሐ አባትዎ ይፈቱዎታል።»

«እኔን ይፈቱኛል። አንተን ግን ከእንግዲህ አላምንህም።»

አሁንም ሳያውቁት የተበላ ቅቤ ነፍስ ያጠፋል አልልም። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ ከእኔ እጅ እህል አልቀመሱም። ሊያርፉ ሰሞን ልጃቸው ሲደክማት አጥሚቱን ለእኔ ሰጠችኝ። ማንኪያውን አስጠጋሁላቸው። ዓይናቸው በሕክምናው ስላልዳነ እጄን ዳሰሱ፤ አወቁኝና አፋቸውን ገጠሙ። ማንኪያውን ይዤ ብዙ ቆየሁ፤ አልከፈቱልኝም። በማግስቱ አረፉ።