ሰባት ደብር ዞረን ያላገኘነው መቃብር

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ሐና ከአዲስ አበባ ተመልሳ ቤቴ መጣችና በስልኳ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች አሳየችኝ። ከጓደኞቿ ጋር የከተማዋን የቆዩ አብያተ ክርስቲያናትና የታላላቅ ሰዎች መቃብሮች ስትጎበኝ ነበር የከረመችው። ባለ ቀለም መስታወት፣ ክብ ጣሪያ፣ እብነ በረድ ላይ የተቀረጸ አንበሳ አየሁ።

«እማማ፣ እርስዎ እነዚህን ቦታዎች አይተው ያውቃሉ?» አለችኝ።

«ሰባት ደብር አይቻለሁ፤ በሦስት ቀን» አልኳት።

«ውይ! ፎቶ አለዎት?»

የለኝም። የሄድነው የወንድሜን መቃብር ፍለጋ ነበር። ለሐና ባጭሩ ነገርኳትና ሻይዋን ጠጥታ ሄደች። እኔን ግን ነገሩ ከዚያ ወዲህ ስላልተወኝ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ዐሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይቼ እማር ነበር። ታላቅ ወንድሜ አስፋው አዲስ አበባ በአንድ የጭነት መኪና ጋራዥ ይሠራል። አባታችን ሞቷል። እናቴ እዚሁ ሸዋ ሮቢት፣ መንገድ ዳር ሎሚና ፓፓያ ትሸጣለች። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፍ አውቶቡስ ሁሉ እዚያ ይቆማል። ደጋውን አቋርጦ የመጣ መንገደኛ ሙቀቱ ሲቀበለው መጀመሪያ የሚፈልገው ሎሚ ነው።

በጥቅምት መጀመሪያ አንድ የሚያውቀን ሾፌር ከመኪናው ወርዶ፣ አስፋው ከጭነት ላይ ወድቆ ሐኪም ቤት እንደ ገባ፣ በሁለተኛው ቀንም እንዳረፈ ለሽማግሌዎች ነገራቸው። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ በማለዳ ሄደው እናቴን አረዷት። አላለቀሰችም። ሾፌሩን አስጠራችው።

«የት ተቀበረ?»

«በትልቅ ደብር ነው እትዬ። በዝማሬ፣ ስንት ካህን ቆሞለት።»

«የማን ደብር?»

ሾፌሩ ተንተባተበ። መጀመሪያ ሚካኤል አለ፤ ቆየት ብሎ ማርያም አለ።

«መቃብሩን ያላየ ሰው ልጄን አይግደልብኝ» አለችና ሎሚዋን ወደ መደርደሩ ተመለሰች።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መርዶዋን ያልተቀበለችን እናት ማንም ለቅሶ ሊደርሳት አይችልም። ፍትሐት አይደረግም፣ ተዝካርም አይታሰብም። እሷ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ሎሚዋን ትታ ወደ በሩ ትሄዳለች፤ የሚወርደውን ሁሉ አንድ በአንድ ታያለች። አውቶቡሱ ሲሄድ ተመልሳ ትቀመጣለች። ሰዎች ዐይናቸውን ከእሷ ማሸሽ ጀመሩ። «ቀልቧ ሄዷል» የሚሉም ነበሩ። ሁለት ወር ሊሞላ ሲል የእናቴ ታላቅ እህት፣ እትዬ በላይነሽ፣ ደብረ ብርሃን ድረስ መጥተው ከትምህርት ቤት አስፈቀዱኝ።

«አንቺ ፊደል ታነቢያለሽ፤ እኔ አፍ አለኝ። ሁለታችን አንድ ሙሉ ሰው አንሆንም?» አሉኝ።

አዲስ አበባ ስንደርስ ኅዳር ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል። እትዬ በላይነሽ ከቆላ ወጥተው ስለማያውቁ ሁለት ጋቢ ደርበውም ይንቀጠቀጡ ነበር። «እዚህ አገር ሰው የሚሞተው በበሽታ አይደለም፤ በብርድ ነው» ይላሉ። መጀመሪያ ጋራዡ ሄድን። ከዚያ ሐኪም ቤቱ። ጋራዡ መሞቱን ሰምቷል፤ የተቀበረበትን አያውቅም። ሐኪም ቤቱም «የሚቀብሩ ሰዎች ተረክበው ወስደውታል» ከማለት በቀር የሚነግረን አልተገኘም። ስለዚህ ቅርብ ከሆነው ደብር ጀመርን።

ጥድ የከበበው ትልቅ ቅጥር ነበር። እትዬ በላይነሽ በሩን፣ ግንቡን፣ የደጀ ሰላሙን ምሰሶ ሁሉ ተሳልመው ሲጨርሱ ወደ መቃብሩ ገባን። እንዲህ ያለ መቃብር አይቼ አላውቅም። በብረት የታጠረ አለ፤ የሟቹ ፎቶግራፍ በመስታወት ውስጥ የተለጠፈበት አለ። እኔ አነባለሁ፤ እሳቸው ይሰማሉ። ደጃዝማች እገሌ። ፊታውራሪ እገሌ። ወይዘሮ እገሊት። ሃያ ያህል ካነበብኩ በኋላ እትዬ በላይነሽ ወደ መቃብር ጠባቂው ዞሩ።

«ጋሼ፣ እዚህ አገር ድሃ አይሞትም እንዴ?»

«ድሃማ ከኋላ ነው እናቴ፤ በገደሉ በኩል» አለ ጠባቂው። «የምትፈልጉት ሰው ማን ይባላል?»

«አስፋው ሁሴን።»

ጠባቂው ሳቀ። «ሁሴን? እንግዲያማ ደብር ተሳስተው ነው የመጡት።»

በእኛ አገር እንዲህ ብሎ የሚስቅ ሰው የለም። አባቴ ሁሴን የተባለው አያቴ ልጅ አልበረክትላት ብሎ ነው። የወለደቻቸው እየሞቱባት ስትቸገር፣ አምስተኛውን ስም እንዲያወጡለት እስላሙን ጎረቤቷን አሳቀፈቻቸው። እሳቸው ሁሴን አሉት፤ ልጁም በረከተ። በአገራችን በይፋት እስላሙም ክርስቲያኑም እንዲህ ያደርጋል። አባቴ በዚህ ስም ክርስትና ተነሣ፣ ቆረበ፣ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። የኔም ስም የሚጻፈው በእሱ ነው። ደብረ ብርሃን የክፍል ጓደኞቼ ምሳ ሲቀርብ «የማን ሥጋ ነው የምትበዪው?» እያሉ ይቀልዱብኝ ስለነበር የጠባቂው ሳቅ ለኔ አዲስ አልነበረም። እትዬ በላይነሽ ግን ተቆጡ።

«አባቱ ሰባቱን አጽዋማት የሚጾም ክርስቲያን ነበር! እናንተ ጋ የሚቀበረው ሰውየው ነው ስሙ?»

ከዚያ በኋላ በሄድንበት ደብር ሁሉ የአባቴን ስም ዘልለው የወንድ አያቴን ስም እየጠሩ «አስፋው ወልደ ጊዮርጊስ» ይሉ ጀመር።

ሦስት ቀን እንዲህ ዞርን። እግሬ ላይ የቀረው የድንጋዩ ቅዝቃዜ ነው። ጫማ አውልቀን እንገባለን፣ እንሳለማለን፣ ከዚያ ከኋላ በኩል ወዳሉት ጽሑፍ የሌላቸው ጉብታዎች እንሄዳለን። የቆርቆሮ መስቀል የተተከለበት ካለ ጎንበስ ብዬ አነባለሁ። የወንድሜን ስም ስፈልግ የማላውቃቸውን የስንቱን ሰው ስም አነበብኩ። እትዬ በላይነሽ የማይፈልጉት ሰው መሆኑን እያወቁም «ነፍሱን ይማር» ይላሉ።

በሦስተኛው ቀን ከሰባተኛው ደብር ወጥተን ግንቡ ሥር ተቀመጥን። ዳቦ ቆሎ ከመቀነታቸው ፈትተው አካፈሉኝ። እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ነገር አስብ ነበር።

«እትዬ፣ ያ የሳቀው ጠባቂ…»

«ያንን ባለጌ አታንሺብኝ።»

«የሐኪም ቤቱ ወረቀት ላይም የሚጻፈው ሁሴን ነው። ጠባቂው እንዲያ ካሰበ ሌላ ሰውም ያስባል።»

ማላመጣቸውን አቆሙ። «ማተብ አለው እኮ።»

«ሲታከም ልብሱን ቀድደው ሲያወልቁ በጥሰውት ቢሆንስ?»

ይሰድቡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። የቀረውን ዳቦ ቆሎ መልሰው ቋጠሩና «ተነሺ» አሉኝ።

የእስላም መቃብሩ ሰፊ፣ ሣር የበቀለበት ተዳፋት ነበር። በራስጌና በግርጌ ከቆሙ ድንጋዮች በቀር የሚታይ የለም። ለኔ የሚነበብ ነገር አልነበረውም። መፋቂያ አፋቸው ውስጥ የያዙ አንድ ሽማግሌ ከዛፍ ሥር ተነሡ። እትዬ በላይነሽ እንደ አገራችን ወግ «ሰላም አለይኩም» አሏቸው።

«ወአለይኩም ሰላም። ከወዴት ናችሁ እህቴ?»

«ከይፋት።»

«ይፋት» አሉ ሽማግሌው፤ መፋቂያውን ከአፋቸው አወጡ። «በመስከረም መጨረሻ አንድ የይፋት ልጅ ቀብረን ነበር። ከሐኪም ቤት፣ ሰው የለውም ብለው ነገሩን። እኔው ነኝ ያጠብኩት። ረጅም ነው፤ የግራ ሌባ ጣቱ ጫፍ የለውም።»

እትዬ በላይነሽ እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። አስፋው በልጅነቱ ማሽላ ሲያጭድ ማጭድ ጣቱን በቆረጠው ጊዜ ያሰሩለት እሳቸው ነበሩ።

«ልጃችን ክርስቲያን ነው ጋሼ» አሉ ቆይተው።

ሽማግሌው እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ። «ላ ኢላሃ ኢለላህ! ወረቀቱ ሁሴን ይላል፤ አንገቱ ላይ ምንም አላየሁም። ወላሂ አውቀን አይደለም እህቴ። ጁምዓ ነበር፤ ከመስጊድ የወጣው ሰው ሁሉ ሰገደበት። እንደ ልጃችን ነው የሸኘነው።»

«ምን አጠፋችሁ» አሉ እትዬ በላይነሽ። «ሜዳ ላይ አልጣላችሁት።»

መቃብሩን አሳዩን። አፈሩ ገና አልጠነከረም፤ አውሬ እንዳይጭረው እሾህ ተደርጎበታል። እትዬ በላይነሽ ሊያማትቡ እጃቸውን አንስተው ቆም አሉ፤ ሽማግሌውን አዩ። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ። ያን ጊዜ አማተቡና አፈሩን ሳሙ።

በማግሥቱ አውቶቡስ ያዝን። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር፣ ሙቀቱም ቀስ በቀስ ሲመጣ፣ እትዬ በላይነሽ አንዱን ጋቢ አውልቀው ጠቀለሉ።

«ሚካኤል ነው የተቀበረው እንላታለን» አሉኝ። «ያለ ቄስ፣ ያለ ፍትሐት አፈር ገባ ብለን እንዴት እንነግራታለን? ሁለተኛ መግደል ነው። ድንጋዩን አነበብኩ በያት።»

«እሺ» አልኩ። የምችል መስሎኝ ነበር።

አውቶቡሱ ሲቆም እናቴ በሩ ላይ ነበረች። እህቷን አይታ አለፈቻቸውና እኔን ያዘችኝ።

«ምን ይላል ድንጋዩ?»

«ሚካኤል ነው፣ በጥሩ ቦታ…» አሉ እትዬ በላይነሽ።

«አንቱን አልጠየቅሁም እትዬ። ያነበበችው እሷ ናት።»

ከኋላዬ ያሉት ተሳፋሪዎች ለመውረድ ይገፉኛል። ሚካኤል ልል አፌን ከፈትኩ። ፊቷን ሳይ ያ ሾፌር ትዝ አለኝ፤ እሱም ያላት ይህንኑ ነበር።

«ድንጋዩ ምንም አይልም» አልኳት። «ጽሑፍ የለውም። የቀበሩት እስላሞች ናቸው። በአባባ ስም እስላም መስሏቸው።»

እትዬ በላይነሽ «ወይ እኔ!» ብለው አፋቸውን ያዙ። እናቴ አልተንቀሳቀሰችም።

«አጥበውታል?»

«አጥበውታል። ያጠቡትን ሽማግሌ አይቻቸዋለሁ። ጣቱን ነገሩን።»

«ሰግደውበታል?»

«ከጁምዓ የወጣ ሰው ሁሉ።»

«ብዙ ነው?»

«ብዙ ነው አሉ።»

«እንግዲያ እውነት ነው» አለች። «ይህን ሊያጽናናኝ ብሎ የሚፈጥር ሰው የለም።»

እዚያው በሎሚው መካከል ነጠላዋን ከራሷ አወረደች፤ ጥለቱን ወደ ላይ አዙራ፣ እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቃ ለበሰችው። ሁለት ወር ሙሉ እምቢ ያለችው ይህንን ነበር። ከዚያ ጮኸች። መንገድ ዳር የሚሸጡት ሴቶች፣ እስላሟም ክርስቲያኗም፣ ዕቃቸውን እንዳለ ጥለው መጡ።

የደብራችን ቄስ ሬሳ በሌለበት ፍትሐቱን ለማድረግ ትንሽ አመነቱ፤ በኋላ ግን አደረጉት። የአባቴን ስም ያወጡት ሽማግሌ ልጆችም በቤታቸው ዱዓ አደረጉለት። እትዬ በላይነሽ ለጥቂት ቀናት ኮረፉኝ። እናቴ ዓመቱን ሙሉ ጥቁር ለበሰች፤ ሎሚዋንም መሸጥ ቀጠለች። አውቶቡስ ሲቆም ግን ከመቀመጫዋ አትነሣም ነበር። ገዢው ወደ እሷ ይመጣል።

እሷም እትዬ በላይነሽም ካረፉ ብዙ ጊዜ ሆኗል። አሁን በሰፈራችን መርዶ ሲኖር ሰዎች እኔን ይጠሩኛል። ለምን እኔን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ብዙዎቹ ነገሩን ማለሳለስ ይወዳሉ፤ «ትንሽ አሞታል» ብለው ይጀምሩና መጨረስ ያቅታቸዋል። እኔ የማውቀውን እናገራለሁ፤ የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ። ልበ ደረቅ የሚሉኝ አሉ፤ ልሆን እችላለሁ። ባለፈው ክረምት ባሏ መንገድ ላይ ለሞተባት ጎረቤቴ መርዶ ልነግር ሄጄ ነበር። «እማማ፣ እርስዎ ራስዎ አይተዋል?» አለችኝ። አላየሁም ነበር። ያየውን ሰው ወደ ውስጥ ጠራሁትና፣ እሱ ተናግሮ እስኪጨርስ እጇን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።