ለእህቴ ሠርግ የሚሆን ብቅል

ጎባ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን ነው። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ለጥር ዕረፍት ቤት ስገባ፣ እናቴ ለእህቴ ሠርግ የጠላ ዝግጅት ጀምራ ነበር። የሙሽራው ዘመዶች ጠቆር ያለ ጠላ አይወዱም፤ ቀላ ያለ ነው የሚፈልጉት።

«ቀለሙ ከእህሉ አቆላል ነው፤ እሱ አያሳስበኝም» አለች። «ብቅሉ ከሰነፈ ግን ጠላ ብዬ ውሃ ላቀርብ ነው።»

ለብቅል ያስቀመጠችውን ገብስ ነቀዝ በልቶታል። ሠርጉ ከጾሙ በፊት ስለሆነ ብቅሉ ቢበላሽ ሌላ ለማብቀል ጊዜ የለም። እሷን ጉልበቷን አሟታል። ስለዚህ ዋጋ መጠየቅ እንኳ የማፍረው እኔ ሮቤ ገበያ ሄድኩ።

አንዲት ሴትዮ ሁለት ጆንያ ገብስ ከፍተው ተቀምጠዋል። አንዱ ነጭ፣ ፍሬው የሞላ፤ ሌላው ደቃቅና ደብዛዛ።

«አካም ጅርቱ፣ እማማ። ይሄ ነጩ የዘንድሮ ነው?»

«ከአውድማ መውጣቱ ነው፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። ያኛው የአምና ነው፤ ለዶሮ ይወስዱታል።»

«ለሠርግ ብቅል ነበር የፈለግሁት» አልኩ፣ ለራሴም በማይሰማ ድምፅ።

«ጠላ ቀምሼ አላውቅም፣ አልሐምዱሊላህ። የሚያሰክረውን እኔን ትጠይቂኛለሽ?»

በአጠገባቸው ያሉት ሻጮች ሳቁ። ልሄድ ዞሬ ነበር። ግን ትምህርት ቤት አዲስ የታጨደ ዘር ጥቂት ሳይከርም በደንብ እንደማይበቅል ተምረናል፤ ምን ያህል መክረም እንዳለበት ግን አላውቅም። ከሁለቱም እፍኝ እፍኝ እንዲሸጡልኝ ለመንኳቸው።

«እፍኝ ገብስ! ሙሽራዋ አንቺ ነሽ?»

«እህቴ ናት።»

«በይ ውሰጂ። ባል ስትመርጪም እንዲህ ሞክረሽ ምረጪ።»

እናቴ ሁለቱን ትንንሽ ቋጠሮ ስታይ ተቆጣች። «የምንድረው ጉንዳን ነው?» ሐሳቤን ነገርኳት። ቁጣዋን ሳትጨርስ ገብሱን ነክራ በሁለት እርጥብ ጨርቅ ቋጠረችው። የጎባ ብርድ ዘር አያስነሣም፤ ስለዚህ እናቷ ታደርግ እንደነበረው ቋጠሮዎቹን መቀነቷ ውስጥ፣ ከሰውነቷ አስጠግታ ታጠቀቻቸው። እንዲያ ሆና ሽንኩርት ስትልጥ፣ በርበሬ ስታስቀነጥስ ሰነበተች።

«ልጅ እየዳርሽ አረገዝሽ እንዴ?» አለቻት ጎረቤታችን ወገቧን አይታ።

«መንታ ነው» አለች እናቴ። «አንዱ ይወለድልኝ እንጂ።»

ቀጣዩ የሮቤ ገበያ ሲደርስ በጠዋት ቋጠሮዎቹን ፈታቻቸው። ከነጩ ገብስ ጥቂት ፍሬ ብቻ ነበር የነቃው። የአምናው ግን ነጫጭ ሥር አውጥቶ እርስ በርሱ ተያይዟል። እናቴ ሥሩን በጣቷ ፈልቀቅ አድርጋ አየችው።

«ቆንጆው ገና እንቅልፉን አልጠገበም» አለች። «የዶሮውን አምጪ።»

አመጣሁ። ነከርነው፤ በኮባ ቅጠል ጠቅልለን ምድጃው አጠገብ ድንጋይ ጫንንበት። ጎንቁሎ ሲወጣ ጓሮ አሰጣነው። ፀሐይዋ ደካማ ስለነበረች እህቴና እኔ ደመና በመጣ ቁጥር እየተሯሯጥን ወደ ቤት እናስገባው ነበር፤ ሙሽራ አትሮጥም ብሎ የከለከላት የለም።

በደንብ የደረቀ ለት እናቴ አንድ ፍሬ ነክሳ ግማሹን ሰጠችኝ። ይጣፍጣል።

«ነገ እናስፈጨዋለን» አለች። ከዚያ ጉልበቷን እያሸች ቀና ብላ አየችኝ። «ጥንስሱን አንቺ ትጥይዋለሽ።»

ጋኑን ላጥብ ተነሣሁ።