አምስት ልብስ፣ አራት ኮሌታ

በዚያን ቀን ሱቁ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፦ ባለቤቱና ቆራጩ ጋሽ ሙዘይን፣ ሱሪ ሰፊው ታሪኩ፣ የቡና ባለሙያዋ አማረች፣ ካርቶን ውስጥ የተኛችው የዓመት ከመንፈቅ ልጄ ማርታ፣ እና እኔ። በሩ ላይ ዝናብ ሊያሳልፍ የቆመ አንድ የባጃጅ ሹፌርም ነበር። ስሙን ሳይነግረን ሄደ፤ ግን ስለሳቀብኝ እቆጥረዋለሁ።

ለእኔ የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ነበር። ሱቁ ሚዛን ከተማ፣ ገበያው አጠገብ ነው። ቤቴ ጎረቤት ከተማ አማን ስለሆነ ልጄን አዝዬ በእግሬ መጣሁ። ጋሽ ሙዘይን ምን እንደምችል ጠየቁኝ። ቁልፍ መትከል እችላለሁ አልኳቸው። የስፌት መኪናስ ቢሉኝ የጎረቤት መኪና ነካክቻለሁ አልኩ።

"የጎረቤት መኪና የነካካ ሁሉ ሰፊ ከሆነ ታሪኩን ላሰናብተው" አሉና አንድ ጣሳ ቁልፍና ስምንት ሸሚዝ ሰጡኝ።

በእኛ ሥራ ማዕረግ አለ። ቆራጭ ከላይ ነው፤ መቀሱን ከእሱ በቀር ማንም አይነካም። ከእሱ በታች ሰፊ አለ፤ ከሰፊ በታች ካውያ የሚይዝ። ቁልፍ ተካይ መጨረሻ ነው። ወንበሩም በር አጠገብ ነው፤ የዝናቡ ፍንጣቂ ይደርስበታል። እኔ ፍንጣቂው ምንም አይለኝም። ማርታ ግን በትንሽ ብርድ የምትስል ልጅ ነበረች፤ ስለዚህ ገና ከመቀመጤ ዓይኔ የጀርባው ግድግዳ ጋ፣ ሽፋን ልብስ ለብሳ ያለ ሥራ የቆመች ሦስተኛ የስፌት መኪና ላይ አረፈ። እዚያ ደረቅ ነው።

እያንዳንዱን ቁልፍ በድርብ ክር ስድስት ጊዜ አመላልሼ፣ ሥሩን ጠምጥሜ፣ ቋጥሬ፣ ከዚያ በጥርሴ እየጎተትኩ እሞክረው ነበር። ታሪኩ አየኝና ሸሚዙ ተቀዶ ቢያልቅ እንኳ ቁልፉ ለልጅ ልጅ ይተርፋል አለ። የባጃጁ ሹፌር የሳቀው እዚህ ላይ ነው።

አማረች የገባችው ከዚያ በኋላ ነው። ሥራዋ ገበሬዎችን ስለ ቡና ለቀማና አደራረቅ ማሠልጠን ነው። አንዱን ሳምንት ቴፒ፣ ሌላውን ጌጫ፣ ደግሞ ወደ ሚዛን፤ ሁልጊዜ ሚኒባስ ላይ ናት። ጉልበት ላይ የምትቀመጥ አንዲት ቦርሳ አለቻት። ቦርሳዋን ከፍታ አምስት ልብስ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች፦ አመድማ ጃኬት፣ ካኪ ቀሚስ፣ ጥቁር ጉርድ፣ ጥቁር ሱሪና ነጭ ሸሚዝ። ሁሉም ደህና ጨርቅ ነው፤ ሁሉም ደክሟል።

ቴፒ ላይ አንድ ገበሬ ይሄ ዩኒፎርም የሚሰጠው በየስንት ዓመቱ ነው ብሎ እንደጠየቃት ነገረችን። ጋሽ ሙዘይን አዲስ ትግዛ አሉ። እሷ ደግሞ ሁለተኛ ቦርሳ ከሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ይጫናል፣ ጣሪያ ላይ የተጫነ ዝናቡን ጠጥቶ ነው የሚወርደው አለች። የምትፈልገው አምስቱ ልብስ ታድሶ በየቀኑ ሌላ እንዲመስል ነው። የቸኮለችውም በምክንያት ነበር፦ በሚቀጥለው ጉዞዋ ከቴፒ በኋላ ጌጫ የእጮኛዋን እናት ለመጀመሪያ ጊዜ ታያለች።

ጋሽ ሙዘይን ይሄ የልብስ ሰፊ ሳይሆን የአስማተኛ ሥራ ነው ብለው ልብሱን መልሰው ማጠፍ ጀመሩ።

እኔ ያኔ ነው የተናገርኩት። የቁልፍ ተካይ ነገር አልነበረም፤ አፌ ቀደመኝ። ማርታ ለጸሎት ቤት የምትለብሳት አንዲት ግራጫ ቀሚስ አለቻት፤ ያን ቀንም እሷኑ ለብሳ ነበር፤ ኮሌታዋን በቁልፍ ነው የማያይዘው። አንድ እሑድ ቢጫ፣ አንድ እሑድ ሰማያዊ አደርግላታለሁ። የጸሎት ቤት እናቶች ልጅሽ ስንት ቀሚስ ነው ያላት ይሉኛል። ይህን ስናገር ልጄን ከካርቶን አንስቼ፣ ኮሌታዋን ፈትቼ፣ ገልብጬ አሳየሁ። ማርታ ነቅታ ጮኸች። አማረች አጨበጨበች።

ጋሽ ሙዘይን መነጽራቸውን አውልቀው የልጄን አንገት ብዙ አዩት። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ "ደንበኛዋ ቅር ብሏት ከተመለሰች አንቺም አብረሽ ትሄጃለሽ። ደስ ብሏት ከተመለሰች ያቺ ሦስተኛ መኪና ያንቺ ናት።"

እንዲህ ነው ያደረግነው። መጀመሪያ ያለውን አደስን። የሸሚዙ ኮሌታ እጥፋቱ ላይ ተበልቶ ስለነበር ፈትተን ገለበጥነውና መልሰን ሰፋነው። ጥቁሩን ጉርድ ቀለም ነክረን አጠቆርነው። የሱሪውን ቅምቅማት ለቅቀን ወደ ታች አንድ ጣት ጨመርን። ቀጥሎ ጃኬቱም ሸሚዙም ቀሚሱም ላይ፣ ከአንገቱ ውስጥ በኩል ሰባት ሰባት ቁልፍ ተከልኩ። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፦ ቁልፎቹ አንድ ዓይነት፣ ርቀታቸውም አንድ ልክ መሆን አለበት። ጋሽ ሙዘይን ሦስቱንም አንገት በአንድ ልክ አስተካከሉት። እንደዚያ ሲሆን ማንኛውም ኮሌታ ማንኛውም ልብስ ላይ ይገባል። ለእያንዳንዱ ባለቀለም ኮሌታ አብሮት የሚሄድ ቀበቶ ተሠራ።

ቀለም ስንመርጥ ጭቅጭቅ ሆነ። አማረች ቢጫ፣ አረንጓዴና ቀይ አለች። እኔ ቀዩን አላመንኩትም። በዚህ አገር ሰው ልብሱን ባያጥበውም ዝናቡ ያጥብለታል። የቀዩን ቁራጭ ከነጭ ጨርቅ ጋር ጠቅልዬ ሳሙናና ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ከተትኩት። ነጩ ቲማቲም መስሎ ወጣ። ጋሽ ሙዘይን የተቆረጠው ጨርቅ ቆጫቸው፤ ቢሆንም ቀዩን በብርቱካንማ ለወጡት። ቢጫውን፣ አረንጓዴውንና ብርቱካንማውን ደግሞ አንድ ቀን ሙሉ ዝናብ ላይ ሰቀልኳቸው። ታሪኩ ለመንገደኛው ሁሉ ኮሌታዎቹ ጥምቀት ላይ ናቸው ይል ነበር።

ሦስት ትንንሽ ከረጢት በእጄ ሰፋሁ፤ በእያንዳንዱ አንድ ኮሌታና አንድ ቀበቶ። አማረች እንድትለምደው አስተማርኳት፦ ከረጢት ስትቀይሪ የለበስሽውን አውልቀሽ ባዶው ውስጥ ጨምሪ፣ ከዚያ አዲሱን አድርጊ።

ከዚያ በራሴ አራተኛ ኮሌታ በእጄ ሰፋሁ፤ ጥቁር። ማንም አላዘዘኝም። ሰው መንገድ ሲወጣ መርዶ ያገኘዋል ብዬ ነው። የተረፈው ጥቁር ቁራጭ ለኮሌታ በቃ፤ ለቀበቶ አልበቃም፤ ተውኩት። አማረች የሠርግ መንገድ ላይ ነኝ፣ ይሄ ምን ሊያደርግልኝ ነው ብላ ሳቀች። እኔም አይመዝንም፣ ያዢው አልኳት።

ሄደች። ለአሥራ ሁለት ቀን ድምፅዋ ጠፋ። ስደውል ኔትወርክ የለም ይለኛል። በሁለተኛው ቀን ቁልፎቹ ልክ ናቸው ወይ ብዬ ተጨነቅሁ። በአምስተኛው ቀን ቢጫው ላብ ሲነካው ቀለሙ ይለቅ ይሆን አልኩ። በዘጠነኛው ቀን ታሪኩ ባለቤቷ እስክትመጣ እንዳይበርዳት ብሎ ሦስተኛዋ መኪና ላይ የራሱን ኮት አለበሰ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ስልኬ ጠራ። ጋሽ ሙዘይን ድምፁን ክፈቺው አሉ። ታሪኩ እግሩን ከፔዳሉ ላይ አነሣ።

አማረች ከቴፒ ስትነሣ ለአማቷ ብላ ቢጫውን አድርጋ ነበር። ጌጫ ሊገቡ ሲሉ አጠገቧ የተቀመጡ አንዲት ሴት ማን ቤት እንደምትሄድ ጠየቋት። ነገረቻቸው። ሴትዮዋ የእጮኛዋ አጎት ትናንት ማረፋቸውን፣ ዕድሜ የጠገቡ ሰው እንደነበሩ፣ ቤቱ አሁን ለቅሶ ላይ መሆኑን ነገሯት። አማረች እንደ አደይ አበባ ቢጫ ሆና ለቅሶ ቤት ልትገባ ነው።

ጃኬቷን አወለቀች። ቢጫውን ፈትታ ጥቁሩን ኮሌታ አወጣች። መንገዱ ጭቃና ጉድጓድ ነው፤ ቁልፉ ቀዳዳውን ሲያገኝ መኪናው ይዘላል። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ጃኬቱን ዘርግታ ያዘች፣ ሴትዮዋ ከታች በኩል መቆለፍ ጀመሩ። ሹፌሩ ነገሩ ሲገባው ፍጥነቱን ቀነሰ። ረዳቱ ስንት ቀረ ሲል ሚኒባሱ በሙሉ ሦስት ይላል፤ ደግሞ ሲጠይቅ ሁለት ይላል። አንድ ሽማግሌ ሰባተኛው ሳይገባ ማንም አይወርድም ብለው አወጁ። ሰባተኛው ሲገባ ሰዉ አጨበጨበ። ከዚያ ለቅሶ እንደሆነ አስታወሱና እጃቸውን ሰበሰቡ።

እኛም ሱቅ ውስጥ ልናጨበጭብ ነበር። አማረች ግን ቆይ አለች።

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። የእጮኛዋን እናት ጉልበት ለመሳም ጎንበስ ስትል ነጠላው ተከፈተ። ካኪው ቀሚስ ላይ ቢጫው ቀበቶ አለ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። በየከረጢቱ ኮሌታና ቀበቶ አንድ ላይ አስለምጃት፣ ጥቁሩን ያለ ቀበቶ ሰጠኋት። የጥቁር ቀበቶ ስታጣ የቢጫውን መፍታት ረሳች። ጋሽ ሙዘይን ቀና ብለው አላዩኝም።

እናትየው ቀበቶውን በሁለት ጣት ይዘው ጎትተው አቀረቧትና በጆሮዋ "ልጄ፣ ይቺን ፀሐይ ከየት አመጣሻት?" አሏት። አማረች ከድንጋጤዋ የተነሣ እውነቱን በሙሉ አወራች፤ ሚኒባሱን፣ ሰባቱን ቁልፍ፣ ቢጫውን ኮሌታ። ለማስረዳት አንገቷን ገልጣ ቁልፎቹን አሳየች። እናትየው አንዱን ቁልፍ ፈተው መልሰው ቆለፉት። ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እየሳቁ ነው። ለቀስተኛው ግን ልቅሶው የበረታባቸው መሰለው፤ ሁለት ሴቶች በቃሽ፣ እሳቸው ዕድሜ ጠግበው ነው የሄዱት እያሉ ይዘው ያጽናኗቸው ጀመር። ሲያጽናኗቸው ይብስባቸዋል።

ጓዳ ወስደው ቀበቶውን ራሳቸው ፈቱላት። ሦስት ቀን ከአጠገባቸው አላራቋትም። ስትመለስ ደግሞ ለእሳቸውም ኮሌታ ታዘዘ፤ አንድ ለበዓል፣ አንድ ለለቅሶ።

ታሪኩ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ይስቃል። ጋሽ ሙዘይን ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ የተበጠሰ ቁልፍ አለ ወይ አሉ። አማረች አንድም የለም አለች።

ሄደው የታሪኩን ኮት ከሦስተኛዋ መኪና ላይ አነሡና ወረወሩለት። የመኪናዋንም ልብስ ገፈፉ። የማርታን ካርቶን በእግራቸው ገፍተው ግድግዳው ጥግ አደረሱት።

"ተቀመጪ" አሉኝ። "መጀመሪያ የምትሰፊው ጥቁር ቀበቶ ነው።"

ሰፋሁት። እግሬ ፔዳሉ ላይ ይስቅ ነበር፤ ስፌቱ ግን ቀጥ ብሎ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ለነርሶች፣ ለመምህራን፣ ለነጋዴ ሴቶች እንዲህ ያለ ልብስ ሠርቻለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ ልጆች የምለው ይህን ነው፦ ለመንገደኛ ስትሰፉ የልብሱ መሠረት ደብዛዛ ይሁን፣ ቁልፉ አንድ ልክ ይሁን፣ ቀለሙ ሳይታጠብ አይውጣ። ጥቁር ጨምሩ። ኮሌታ የሰጣችሁትን ቀበቶም ስጡት።

አማረች አግብታ ከባሏ ጋር ወደ ሌላ ሥራ ተዛውራለች ሲሉ ሰማሁ። የነበረኝ ስልክ አይሠራም። ቴፒ ወይም ጌጫ አካባቢ ያያት ሰው ካለ ደህና መሆኗን፣ ወልዳም ከሆነ ምን እንደወለደች፣ ሚዛን ገበያ ለሚሄድ ሰው ይንገርልኝ። ሱቁ እዚያው ነው፤ እኔም ከጥጉ አልተነሣሁም።