የኔታ ጥበቡን በቁማቸው የገደልሁበት ታግ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኋትም፤ እንቅልፍ እንቢ ባለኝ ቁጥር ቃር ነው እያልሁ ስንት ጊዜ ተልባ አስጠጥታኛለች። ለነፍስ አባቴም አልተናዘዝሁትም። እሳቸው ፊት ስቀርብ በጾም ዓሣ መብላቴን፣ ጎረቤቴን በሆዴ መራገሜን፣ ቅዳሴ አርፍጄ መድረሴን እዘረዝርና ዋናውን ኃጢአት እንደ ያዝሁ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ደግሞስ እንዴት ብዬ ላስረዳቸው? «አባ፣ የፎልደር ታግ ቀየርሁ» ብላቸው ስንት ስግደት ቀኖና ይሰጡኛል? እናንተ ግን ኮምፒውተር ታውቃላችሁ። ስለዚህ ለእናንተ ልናዘዝ።

ስሜ ደምሴ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ማተሚያ ቤት ዲዛይነር ነኝ። የሰርግ ጥሪ፣ የምረቃ ባነር፣ የጥምቀት ቲሸርት፣ የሙት ዓመት ፎቶ፣ ይህ ሁሉ በእጄ ያልፋል። የሥራችንን ምሥጢርም አልደብቃችሁም፤ አዲስ ነገር የምንፈጥረው ከስንት አንዴ ነው። ደንበኛ ሲመጣ ቀደም ሲል የሠራነውን፣ ለእሱ የሚቀርበውን እናወጣና ስሙንና ፎቶውን ቀይረን እናትማለን። የአንዷ ሙሽራ አበባ ለስንቷ ሙሽራ አገልግሏል መሰላችሁ! በኛ ሙያ ዋናው ጥበብ መንደፍ ሳይሆን የድሮውን ፋይል ፈልጎ ማግኘት ነው።

ያን ጥበብ ለብቻዬ ይዤው የኖርሁ እኔ ነበርሁ። ፎልደሮቻችን ስም አላቸው ከተባለ ስማቸው «አዲስ»፣ «አዲስ አዲሱ»፣ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻው የመጨረሻ» ነው። የቀረው ካሜራው ያወጣለት ቁጥር ነው። እኔ ግን የቱ የት እንዳለ በጭንቅላቴ አውቅ ነበር። የቤቱ ባለቤት እትዬ የሺ ደንበኛ ሲጨቀጭቃቸው «ቆዩ፣ ደምሴን ልጠይቀው» ይላሉ። እኔም ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ ትንሽ አስጠብቃቸዋለሁ። ወዲያው ብነግራቸው ክብሬ የሚቀንስ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ሰናይት መጣች። አባቷ ለፋብሪካ ሥራ ከወሎ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው፤ እሷ ግን ጣና ዳር ያደገች፣ ኮሌጅ የጨረሰች፣ ገና ሥራ የጀመረች ልጅ ናት። መጀመሪያ ላይ «ጋሽ ደምሴ፣ የእገሌ ሰርግ የት ነው?» እያለች ስትጠይቀኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ጥቂት ሰንብታ ግን መጠየቅ ተወች። ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ፎልደሮቹን ሁሉ እየከፈተች ታግ ትለጥፍባቸው ጀመር። ታግ ማለት ላውንደሪ ቤት ኮታችሁ ላይ እንደሚያስሩት ቁራጭ ስም ያለ ነገር ነው፤ «ሰርግ»፣ «ሙት ዓመት»፣ «ሰማያዊ»፣ «ሹም አቦ ሰፈር» ብላችሁ ትለጥፉና ኋላ ቃሉን ስትጽፉ ፎልደሩ ከተፍ ይላል። የዲዛይን ፕሮግራሙ ይህን ማድረግ ይችል ኖሯል። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ስሠራበት ያቺ ቁልፍ ለጌጥ የተቀመጠች ነበር የምትመስለኝ።

አንድ ቀን እትዬ የሺ የልጅቱን ፍጥነት አይተው ሣቁና፣ ደንበኛ ፊት፣ «እንዲያው እኛ እስከ ዛሬ በደምሴ ጭንቅላት ነበር የምንኖር!» አሉ። ደንበኛውም ሣቀ። እኔም አብሬ ሣቅሁ። ቀናሁ። ይህን ደግሜ ልበለው፤ ቀናሁ፤ የልጄ ታላቅ እኅት ልትሆን በምትችል ልጅ ቀናሁ።

በማግሥቱ ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ ኮምፒውተሯ ላይ ተቀመጥሁ። ከዚያ በፊት ለአንድ ቤተ ክርስቲያን የቀን መቁጠሪያ ስንሠራ የሊቃውንቱን ፎቶ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ከእነሱ መካከል የኔታ ክንፈና የኔታ ጥበቡ አሉበት። አብረው የተማሩ ባልንጀሮች ናቸው። ሁለቱም ነጭ ጥምጥም፣ ሁለቱም ነጭ ጢም፣ ሁለቱም መቋሚያ ይዘው የቆሙ። ሰናይት አንዳቸውንም በአካል አታውቃቸውም፤ ስማቸውን ከእኔ ጠይቃ ነው የለጠፈችው። እኔም የክንፈን ታግ ነቅዬ በጥበቡ ላይ፣ የጥበቡን ነቅዬ በክንፈ ላይ ለጠፍሁ። ምን ፈልጌ ነበር? አንድ ቀን ሰው ፊት አንዱን ስትፈልግ ሌላው እንዲወጣባትና እኔ ከወንበሬ ሳልነሣ «የለም፣ እሳቸው እኒያኛው ናቸው» እንድል ነበር። ይኸው ነው። ለዚህች ነው።

ከዚያ ዓሣ ልበላ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። ስመለስ እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር፤ አልዋሽም፣ ብዬ ነበር። ዓሣው ሲጣፍጥ ግን ቆየሁ።

ስመለስ ትልቁ ማሽን ባነር እያተመ ነው። ለካ እኔ በሌለሁበት የቀን መቁጠሪያውን ካሠራን ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ላቀው ደውለዋል። የኔታ ክንፈ ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ነገ ሐይቁ ዳር ባለው ቤተ ክርስቲያን ሙት ዓመታቸው ይታሰባል። «ፎቷቸው እናንተ ዘንድ አለ፤ ባነሩን አትማችሁ ራሳችሁ ስቀሉልን» ብለዋል። መሪጌታ የያዙት የቁልፍ ስልክ ነው፤ ናሙና ልኮ ማሳየት አይታሰብም።

ማሽኑ ከላይ ጀምሮ ቀስ እያለ ነው የሚያትመው። መጀመሪያ ጥምጥሙ ወጣ። ከዚያ ግንባሩ ወጣ። ቅንድቡ ላይ ሲደርስ አወቅሁት፤ ያ ወፍራም ቅንድብ የየኔታ ጥበቡ ነው። እሳቸው በሕይወት አሉ፤ ቆላ ድባ ወንበር ዘርግተው እያስተማሩ ነው። ዓይናቸው ወጣ፣ አፍንጫቸው ወጣ፣ ጢማቸው ተንዠርግጎ ወጣ። ጊዜ አልነበረኝም ልል አልችልም። «አቁሙ» ለማለት አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ግን «ታዲያ ታጉ እንዴት ተሳሳተ?» ቢሉኝስ? ሰናይት ታጉን አይታ ነው ያወጣችው፤ ታጉን ማን ነካው? እትዬ የሺ ደግሞ አጠገቤ ቆመው «ስልኩን ዘግቼ ዞር ከማለቴ አለቀ እኮ፣ ደምሴ! እንዲህ ያለች ልጅ የት ትገኛለች?» ይላሉ።  በመጨረሻ «ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጋር ያኑርልን» የሚለው ጽሑፍ ወጣ። እኔው ራሴ ጠቅልዬ አሰርሁት።

በማለዳ ሰናይትና እኔ መሰላል ተሸክመን ሄድን። ሕዝቡ ቅዳሴ ላይ ነው፤ በግቢው ያሉት ሴቶች ድግስ ላይ ናቸው፤ ቀና ብሎ የሚያይ የለም። መሰላሉ ላይ ወጥቼ ባነሩን የሰቀልሁት እኔ፣ ገመዱን የቋጠርሁት እኔ። ቢበቃኝ ጥሩ ነበር፤ እኔ ግን ሆን ብዬ ላላ አድርጌ ቋጠርሁት። የጣና ነፋስ በሕይወቴ ስንት በጥንቃቄ ያሰርሁትን ባነር ቀዳዶብኛል! ዛሬም ይነጥቅልኛል ብዬ ነው። ነፋስ የለም። ቅጠል አይነቃነቅም። ሐይቁ እንደ ሰሐን ረግቷል። እግዚአብሔርን ነፋስ የለመንሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱም የሚለምነው ማን እንደ ሆነ ያውቅ ነበር።

ሰው ከቅዳሴ ወጣ። ከፊት ያለችው ሴት ደረቷን ልትመታ እጇን አንሥታ «የኔታ!» ብላ ጀመረችና ባነሩን አየች። ከዚያ ወደ ጎኗ አየች። የኔታ ጥበቡ መቋሚያቸውን ተደግፈው አጠገቧ ቆመዋል። ለባልንጀራቸው ሙት ዓመት ከቆላ ድባ ድረስ መጥተው ኖሯል። እጇ እንደ ተነሣ ቀረ።

«ይኸ እኔ አይደለሁም?» አሉ የኔታ።

መሪጌታ ላቀው ፈጥነው ጠጋ አሉ። «የኔታ፣ ይማሩኝ፣ የአታሚዎቹ ስሕተት ነው።»

«ቆይ እስቲ። ጽሕፈቱን አንብብልኝ፣ ዓይኔ አይሰጠኝም።»

«የኔታ፣ ይቅርብዎ።»

«አንብብ ብየሃለሁ።»

መሪጌታ አነበቡት። የኔታ ጢማቸውን እያሹ ሰሙ። «አይ እንግዲህ» አሉ፣ «ካረፍሁ ዓመት ከሆነኝ ትናንት እራት የበላው ማን ነው? እኔ በመንገድ የደከምሁ መስሎኝ፣ ለካ ሞቸ ነው።»

ሕዝቡ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ተንፈቀፈቀ። እኔም መሳቅ ቃጥቶኝ ነበር፤ ግን ከሰዉ ኋላ አንዲት አሮጊት መሬት ላይ ቁጭ አሉ። የየኔታ ክንፈ እኅት ናቸው። «እኔ የወንድሜን ፊት ለማየት ነበር የመጣሁ» አሉ። «ከቤት ፎቶ የለንም። ዛሬ አየዋለሁ ብየ ነበር።» ሣቁ ቆመ።

መሪጌታ ወደ እኛ ዞሩ። ሰናይት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደች። «መሪጌታ፣ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ታጉ ላይ የኔታ ክንፈ ነው የሚለው። እንዴት እንደ ተሳሳትሁ አላውቅም። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። እኔስ ምን አደረግሁ? መሰላሉን ያዝሁ። ላዩ ላይ ማንም ሳይኖር፣ አንድ ሰው እንዳይወድቅ እንደሚጠነቀቅ ሰው መሰላሉን በሁለት እጄ ጥብቅ አድርጌ ያዝሁ።

ቋጠሮዬ እስኪመሽ አልተፈታም። የኔታ ጥበቡ «አታውርዱት» ብለው ከሥሩ ተቀምጠው ተዝካራቸውን በሉ። ሲሄዱም «ፊቴን ሜዳ ላይ ጥየው አልሄድም» ብለው ባነሩን አስጠቀለሉት። ኋላ እንደ ሰማሁት ጎጇቸው ውስጥ ኮርኒስ አድርገው ወጠሩት፤ ጋደም ሲሉ ሞታቸውን ቀና ብለው ያዩ ነበር አሉ።

እትዬ የሺ ሰናይትን አላባረሯትም። «ይኸ ታግ ምናምን ይቅር። ከእንግዲህ ደምሴን ጠይቂ» አሉና ወረቀት ቆረጣ ላይ አስቀመጧት። ትንሽ ቆይታ ሹም አቦ ሰፈር ወዳለ ሌላ ማተሚያ ቤት ሄደች። የፈለግሁትን ሁሉ አገኘሁ። «ደምሴን ጠይቁ» እንደገና ነገሠ። ችግሩ ፋይሉ በዛ፣ እኔም አረጀሁ። ታዲያ እንዴት አገኘዋለሁ? እንደ ልማዴ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ፣ በእጄ ግን ቀስ ብዬ የሰናይትን ታግ እጽፋለሁ። ከተፍ ይላል። «ይገርማል የዚህ ሰውየ ጭንቅላት!» ይላሉ። ያ ጭንቅላት የእሷ ነው። የሁለቱን የኔታዎች ፎልደር ብቻ ከዚያ ቀን ወዲህ አልነካሁትም፤ ባስተካክለው ሰው የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር፤ ኋላም እያደር ረሳሁት።

በቅርቡ መሪጌታ ላቀው ራሳቸው መጡ። «የኔታ ጥበቡ ዐረፉ፣ ደምሴ» አሉኝ። «አሁን የእውነት ነው። ያ ባነር ጭስ በልቶታል፤ አዲስ ሥራልን። እንዳለፈውም አታድርጉት።» ጣሪያውን አየሁ። በጣቴ «ጥበቡ» ብዬ ጻፍሁ። የወጣውን ልብ ብዬ ሳላይ አስገባሁ፣ ከሥሩ ስማቸውን ጻፍሁ፣ ማሽኑን ላስነሣ ስል መሪጌታ ትከሻዬን ያዙኝ።

«አንተ፣ እኒህ እኮ ክንፈ ናቸው!»

እትዬ የሺ ከመደርደሪያው ኋላ ሰሙ። «ያች ልጅ!» አሉ በንዴት። «ሄዳም እንኳ ስሕተቷ አለቀቀን!»

ያን ጊዜስ ተናገርሁ? አልተናገርሁም። አጠገቤ መሰላል ቢኖር ኖሮ እይዝ ነበር።

በማግሥቱ ሹም አቦ ሄድሁና ሰናይትን አገኘኋት። ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል፤ እሷ ፎልደር ትከፍታለች፣ ታያለች፣ ትዘጋለች፣ ሌላ ትከፍታለች። «ታግ አትጠቀሚም እንዴ?» አልኋት። «አይ ጋሽ ደምሴ» አለችኝ ሣቅ ብላ፣ «በራሴ እምነት የለኝም። ያኔ እንዴት እንደ ተሳሳትሁ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ሁሉንም በዓይኔ ሳላይ አላትምም።» ሻይ ጋበዘችኝ። ጠጣሁ። አመስግኜ ወጣሁ። እንዲህ ያለ ፈሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ቀንቼ ነው፣ ልጅ ነበረች፣ ቀልድ ነበር አልላችሁም። ዛሬ የሁለቱን የኔታዎች ታግ ወደ ቦታው መለስሁ። ከስማቸውም ጎን በሁለቱም ላይ ሌላ ታግ ጨመርሁ፤ «ደምሴ ያበላሸው» ይላል። እትዬ የሺ ጠዋት ሲገቡ እንዲጽፉት እነግራቸዋለሁ። ወዲያው ይወጣል። የየኔታ ክንፈን ፎቶ ደግሞ በትልቁ አትሜ ለእኅታቸው ይዤ እሄዳለሁ፤ በሕይወት ካገኘኋቸው።

ይህን ኑዛዜዬን የጻፍሁበትን ወረቀት ግን መጀመሪያ የማደርሰው ሹም አቦ፣ ለሰናይት ነው። ሰናይት፣ የኔታ ክንፈ ያልሽው ክንፈ ነበሩ፤ የኔታ ጥበቡ ያልሽውም ጥበቡ ነበሩ። አልተሳሳትሽም።