ጓድ ሊቀመንበሩ የገጠሙት ምላጭ

ደባርቅ ውስጥ ከነበረ አንድ የእንጨት ሥራ ማኅበር የተቀጠርኩት በደርግ ጊዜ፣ ሰኞ ጠዋት ነው። ከእኔ በፊት ሴት ገብታበት አታውቅም። የማሽን ክፍሉ ኃላፊ አያ ፈንቴ ቱታ ሰጡኝና ነጠላዬን አውልቄ እንድሰቅል አዘዙኝ። መዘውር ነጠላ ከያዘ ባለቤቲቱንም አይለቅም አሉ።

ባንድሶ የምንለው ማሽን ከላይና ከታች ሁለት መዘውር አለው። በእነሱ ላይ ረጅም ባለጥርስ ምላጭ እንደ ቀበቶ ይዞራል። አያ ፈንቴ አቀያየሩን አሳዩኝ፦ መወጠሪያውን ማላላት፣ አሮጌውን ማውለቅ፣ አዲሱን ማልበስ፣ መወጠር፣ ከዚያ ሞተሩ ሳይነሳ መዘውሩን በእጅ አዙሮ ምላጩ ከቦታው አለመንሸራተቱን ማየት።

የመጀመሪያዬን ልገጥም ስል የማኅበሩ ሊቀመንበር ገቡ። ከፖለቲካ ትምህርት ከተመለሱ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። አመራር ከሠራተኛው ጋር እጁን ማቆሸሽ አለበት ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ጥቅልሉ ምላጭ እየተፈናጠረ ሁለት ጊዜ ካባረራቸው በኋላ ገጠሙት። አጨበጨብን።

ገልብጠው ነበር የገጠሙት። ወደ ታች ማየት የሚገባው ጥርስ ጣሪያውን ያያል። አያ ፈንቴ አዩ፤ እኔም አየሁ። ዝም አልን። ባለፈው ሳምንት መጋዘን ጠባቂው ሚስማር ዝጎበት በአሻጥር ተጠርጥሮ ሦስት ቀን ታስሮ ነበር።

ሞተሩ ተነሳ። ባህር ዛፉ በመቆረጥ ፈንታ ጨሰ። ሊቀመንበሩ እየሳሉ ይህን እንጨት ማን እንዳመጣው ጠየቁ። ለዳባት ትምህርት ቤት የታዘዙትን አግዳሚ ወንበሮች የሚጭን መኪና ከሰዓት ይመጣል፤ እግራቸው ገና አልተቆረጠም። ካልደረሱ አንድ ሰው መጠየቁ አይቀርም፤ ባህር ዛፍ ደግሞ አይታሰርም።

በር ሊያሠሩ የመጡ አንድ መሪጌታ ጥግ ቆመው ነበር። ሞተሩ ጠፍቶ ምላጩ ሲቆም ጠጋ ብለው ተመለከቱት።

«ልጆቼ፣ ይኼ ጥርስ ወደ ሰማይ የሚያየው ምን ፈልጎ ነው?» አሉ።

የአያ ፈንቴ ፊት አመድ መሰለ። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሩ። ያን ጊዜ ከአፌ የወጣው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አዲስ ምላጭ መጀመሪያ ተገልብጦ ይሟሻል። ከተሟሸ በኋላ ነው የሚቃናው።»

ማሟሸት የማውቀው የሸክላ ድስት ብቻ ነበር።

ሊቀመንበሩ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ይህን ቀድሞም እንደሚያውቁት፣ እኛን ሊፈትኑ ሆን ብለው እንዳደረጉት ነገሩን። አያ ፈንቴ ፈተናው ከባድ እንደነበር መሰከሩ። ምላጩን አውልቄ እንደ ካልሲ ገለበጥኩትና ወጠርኩት። ባህር ዛፉን እንደ ጎመን ቀረደደው። መኪናው ጡሩምባ ሲነፋ የመጨረሻውን እግር እየመታን ነበር።

በዚያው አበቃ ብዬ ነበር። በማግስቱ ግን መመሪያ ወጣ፦ ማንኛውም አዲስ ምላጭ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ተገልብጦ ይሟሻል። ከታች የሊቀመንበሩ ፊርማና ማኅተም አለበት። እሳቸው ወደ ሌላ ቦታ እስኪዛወሩ ድረስ አራት ዓመት ሙሉ አዲስ ምላጭ በመጣ ቁጥር ክፍሉን በጭስ ሞላን። በጭሱ የደነዘዘውን ጥርስ አንድ በአንድ በሞረድ የምስለው እኔ ነበርኩ። አያ ፈንቴ ሞረዱን ሲያቀብሉኝ አንድም ቀን ፈገግታቸውን መደበቅ አልቻሉም።

አሁን ማሽኑ ላይ ለምትቆሙ፦ ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ጥርሱን እዩ። ጫፉ ወደ ጠረጴዛው መውረድ አለበት። ተገልብጦ ካገኛችሁት ተገልብጧል በሉ፤ ሌላ ምክንያት አትፍጠሩለት።