ሬዲዮ አፏን የዘጋችባቸው ወራት

በእንስሳት መጠለያው ሬዲዮ ይሏታል፤ አፏ አያርፍማ። ከጦጣው ጋር ትከራከራለች፣ ጅቡን ታሽሟጥጣለች፣ ሰው ካጣች ከግድግዳም ጋር ታወራለች። የሥራ ድርሻዋ ግን ማንም የማይቀናበት ነው፤ ጥንብ አንሳዎቹን መመገብና ቤታቸውን ማጠብ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ መልክ ሲታደል እነሱ አልደረሱም። ራሳቸው የተመለጠ፣ አንገታቸው የተሸበሸበ፣ ሽታቸው ሰው ከሩቅ የሚመልስ። እሷ ግን ትወዳቸዋለች፤ «እነሱ ባይኖሩ የሞተውን ሁሉ ማን ሊያነሳልን ነው?» እያለች ጎብኚውን ታፋጥጣለች።

ዘንድሮ አንዲት ጥንብ አንሳ እንቁላሏን ትታ ተነሳችና እንቁላሉ በማሞቂያ ሳጥን ተፈለፈለ። የጥንብ አንሳ ጫጩት ደግሞ ያሳደገውን ነው ወገኔ የሚለው። የሰው ፊትና ድምፅ ከለመደ ወደ ዱር አይለቀቅም፤ ዕድሜውን በሙሉ ሰው ሰው እንዳለ በአጥር ውስጥ ይቀራል።

«አንቺ ዝም ልትዪ?» አሉ ሽማግሌው የእንስሳት ሐኪም እየሳቁ። «ዝናብ ወደ ላይ ቢዘንብ ይቀላል።»

«ያዩኛል ዶክተር፤ እኔው ነኝ የማሳድገው» አለች።

ከአሮጌ ጓንት የጥንብ አንሳ ራስ ሰፋች፤ ላባ የሌለው፣ ምንቃሩ የተቆለመመ፣ እንደ እውነተኛው አስቀያሚ። በመጋረጃ ተከልላ እጇን በቀዳዳ ታሾልክና በዚያ ምንቃር የተከተፈ ሥጋ ታጎርሰዋለች። ሽታው ፀጉሯ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ።

«እትዬ፣ በሞቴ ተይው» አለቻት አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቷ፣ መስኮቱን እየበረገደች። «ሰው ምን ይለናል?»

«የፈለገውን ይበል። ሽታ በሳሙና ይለቃል።»

አንድ ሳምንት ጫጩቱ ታመመ። ምግብ እምቢ አለ፤ ከመጋረጃው ወዲያ እየተንቀጠቀጠ ሲያቃስት ሰማችው። አንዲት ቃል፣ «አይዞህ» ብቻ ልትለው ፈለገች። የሻሿን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ እንባዋ እየወረደ፣ በጓንቱ ምንቃር አንገቱን ስትዳብሰው ዋለች። ዳነ።

ላባ ሲያወጣ፣ ሊለቀቁ ከተዘጋጁት ትልልቆቹ ጋር ተቀላቀለ። ከእነሱ ጋር እንዲሄድ የቀረው አንድ ፈተና ነው፤ ሬዲዮ ፊቷን ገልጣ ትገባለች። ከቀረባት ይቀራል፤ ከሸሻት ይሄዳል።

ገባች። «ና የኔ ቆንጆ!» አለችው ጮክ ብላ፤ ያን ሁሉ ወር አምቃ የያዘችው ድምፅ ነው። ጫጩቱ አፈገፈገና ትልልቆቹ መሃል ተሸጎጠ። አንድ እርምጃ ስትጨምር አንገቱን መዘዘና የበላውን ሁሉ ቀሚሷ ላይ ተፋባት። ጥንብ አንሳ እንዲህ የሚተፋው ጠላት ነው ባለው ላይ ነው። ሐኪሙ አፍንጫቸውን ያዙ። እሷ በደስታ የምትሆነውን አጣች፤ ያሳደጉት ሲሸሽ ደግሞ ልብ መጎዳቱ አይቀርምና እንባዋም መጣ።

«ፈራኝ! አዩልኝ አይደል?» አለች ወደ ኋላዋ እየወጣች። «በሉ በሩን ይዝጉት ዶክተር። ሁለተኛ እንዳያየኝ።»