በእጣ የበላነው ዋንጫ

ዛሬም ድረስ አንድ ቡድን ዋንጫ በልቶ «እድል ነው እንጂ ጨዋታ የላቸውም» ሲባል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሻይ ቤትም ይሁን ሚኒባስ ውስጥ፣ ተናጋሪው የማላውቀው ሰው ቢሆንም እንኳ ዝም ብዬ አላልፍም። ባለቤቴ «አንተን ምን አገባህ?» ትለኛለች። ያገባኛል። ልጅ እያለሁ፣ ደብረ ታቦር ላይ፣ በእጣ ዋንጫ የበላ ቡድን በረኛ ነበርኩ። ያቺን ዋንጫ ለማጣጣል ያልተባለ ነገር የለም፤ እኔም እስካሁን ለማንም እጅ አልሰጠሁም።

ጊዜው ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ የሰፈር ልጆች ውድድር ይካሄድ ነበር። ዋንጫዋ አንዲት ናት፤ አንድ የከተማው ነጋዴ ለልጆች ብሎ የሰጣት፣ ቢጫ ቀለሟ በየዓመቱ የሚላጥ፣ አንድ ጆሮዋ በሽቦ የታሰረ። ደንቡን ሁላችንም እንደ አቡነ ዘበሰማያት እናውቀዋለን። ሦስት ዓመት በተከታታይ የበላት ቡድን ለዘለዓለም ይዟት ይቀራል። ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ወደ ባሕር ዳር ስለሄደ ሌላ የሚገዛልን ሰው እንደሌለም እናውቃለን። ላይ ሰፈሮች ሁለት ዓመት አከታትለው በልተዋት ነበር። በሦስተኛው ዓመት ለፍጻሜ የደረሱት ከእኛ ከታች ሰፈሮች ጋር ነው። ያን ቀን ካሸነፉ ዋንጫዋ ላይ ሰፈር አንዱ ቤት ቡፌ ውስጥ ትቆለፋለች፣ ውድድሩም አብሯት ያከትማል።

እውነቱን ልናገር፣ ላይ ሰፈሮች ይበልጡን ነበር። በጣም ይበልጡን ነበር። አምበላቸው ሙሉቀን ኳስ በግራ እግሩ ሲያቆም ኳሷ ራሷ መንቀሳቀስ የምትረሳ ትመስል ነበር። ግን ይህ ብልጫ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ሰፈራቸው የትምህርት ቤቱ ሜዳ አጠገብ ነው፤ ሜዳው ደልዳላ፣ ሣሩ በከብት የተጋጠ። የሙሉቀን አጎት ሹፌር ስለነበሩ እውነተኛ የቆዳ ኳስ አምጥተውላቸዋል። ደልዳላ ሜዳና ክብ ኳስ ያገኘ ልጅ ምን ይማራል? መቀባበል ይማራል።

እኛስ? የእኛ ሜዳ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለው ተዳፋት ነበር። የገብስ ዱቄት ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ ተጫውተን ስንገባ ፀጉራችን የሽማግሌ ፀጉር መስሎ እናቶቻችን በሳቅ ይሞቱ ነበር። ኳሳችን ካልሲ ውስጥ የተጠቀጠቀ ጨርቅ ነው። ካመለጠች እየተንከባለለች ወንዝ ትገባለች፤ ያሳለፋት ልጅ ቁልቁል ወርዶ፣ ከውሃው አውጥቶ፣ ጨምቆ፣ ዳገቱን እያለከለከ ይመለሳል። በዚያ በነሐሴ ብርድ! እናም ማግባት የሚባለውን ነገር ብዙም አልተማርንም። ማሳለፍን ግን እንደ በሽታ ፈራነው። ማንኛችንም የምንወለድበትን ሰፈር አልመረጥንም። የእነሱ እድል ስሙን ለውጦ ችሎታ ሲባል፣ የእኛው ብቻ እድል እንደተባለ ቀረ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ፍጻሜው የዋለው በፍልሰታ፣ ለቡሄ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ቅዳሜ ነበር። ጠዋት ቅዳሴ አስቀድሰን፣ ከሰዓት በኋላ የሽምብራ ቆሎ በየኪሳችን ይዘን ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ወጣን። ዳኛው የስፖርት አስተማሪያችን መምህር አያሌው ነበሩ። የጎሉ ቋሚዎች የባሕር ዛፍ ግንዶች ናቸው፤ አግዳሚው ግን እንጨት ተሰርቆ ገመድ ነበር የተወጠረበት።

ጨዋታው ተጀመረ ከምል ከበባው ተጀመረ ብል ይሻላል። ኳሷ ከእኛ ክልል አልወጣም አለች። ሙሉቀን መታ፣ ቋሚ መለሰ። ሌላው መታ፣ የምናለ ጉልበት መለሰ። ምናለ የእኛ አምበል ነው፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ኳስ እንዳታልፍ ከተፈለገ ጥርሱንም የሚሰጥ ልጅ። እንደገና ሙሉቀን መታ፣ እንደገና ቋሚ። እኔ ጭቃ ውስጥ ተንከባልዬ የማልያዬ ቀለም ጠፍቷል። የመሀል መስመሩን የተሻገርነው፣ ብዙ ብል፣ ሁለት ጊዜ ነው።

ከእረፍት በኋላ ሙሉቀን አንዲት ኳስ ለቀቀ፣ ገመዱን ነክታ ከኋላዬ ሄደች። ግማሹ «ጎል!» አለ፣ ግማሹ «ወጣ!» አለ። ገመዱ ገና እየተወዛወዘ ነው።

«ማርያምን በታች ነው ያለፈችው!» አለ ሙሉቀን።

«ማርያምን በላይ ነው!» አለ ምናለ።

መምህር አያሌው ወደ እኔ ዞሩ። «በረኛው ይናገር። በላይ ነው በታች?»

«አላየሁም፣ መምህር» አልኩ። «ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።»

ሜዳው ሙሉ ሳቀብኝ። እኔ ግን እውነቱን ነው የተናገርኩት። መምህር ራሳቸውን ነቅንቀው «እኔም በጭጋጉ አላየሁም፤ ያላየሁትን ጎል አልሰጥም» አሉና ጨዋታው ቀጠለ።

ጭጋጉ እውነትም ከጉና ተራራ በኩል እየወረደ ነበር። ፊሽካ ሲነፋ ዜሮ ለዜሮ ነበርን፣ ከሪጎሬ መምቻው ላይ ሆኖም ጎሉ አይታይም። ዝናቡ መውረድ ጀምሯል። ሰኞ መምህር ለስልጠና ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳሉ፣ ሌላ ቀን የሚባል ነገር የለም። ሁለቱን አምበሎች ጠርተው «በቃ፣ እንደ ቅርጫ እጣ እንጣል» አሉ።

አጣጣሉን የማያውቅ ልጅ አልነበረም። በቅርጫ ጊዜ ሥጋው ተመድቦ ሲያልቅ እያንዳንዱ ባለድርሻ ምልክት ይሰጣል፤ ጠጠርም፣ ስንጥርም ሊሆን ይችላል። ከዚያ የትኛው የማን እንደሆነ ያላየ ሰው ተጠርቶ በየመደቡ ላይ ያኖረዋል። ምናለ ከሸሚዙ ቁልፍ በጥሶ ሰጠ። ሙሉቀን የእስክሪብቶ ክዳን ሰጠ። ዋንጫዋ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፣ ከጎኗ ያለው ሌላ ድንጋይ ባዶውን ቀረ። ያላየ ሰው ፍለጋ ወደ መንገዱ ስንሮጥ፣ ከገበያ ወደ ገሳይ የሚመለሱ፣ አህያ የሚነዱ አንድ ሽማግሌ አገኘን።

«አባባ፣ እባክዎ እጣ ይጣሉልን» አሉ መምህር።

«የምን እጣ?»

«እንደ ቅርጫ ነው፣ አባባ።»

የሽማግሌው ፊት ተለዋወጠ። እኛን አዩ፣ ጭቃችንን አዩ፣ መምህርን አዩ። «በፍልሰታ! በፍልሰታ አረዳችሁ? ኧረ ምን ዓይነት ጉድ ነው! አንተስ አስተማሪ አይደለህም ወይ? እኒህን ሕፃናት ልታስገድፋቸው ነው?» ብለው ዱላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

«ሥጋ የለም አባባ! ሥጋ የለም!» ብለን ሁለቱም ቡድኖች አንድ ላይ ጮኽን። ያን ቀን የተስማማነው በዚህ ብቻ ነው። ዋንጫዋን ስናሳያቸው አንገታቸውን አስግገው ውስጧን ተመለከቱ። «ባዶ ናት እኮ» አሉ፤ «ለዚች ነው እንዲህ ጭቃ የበላችሁ?» መምህር ነገሩን ካስረዷቸው በኋላ ምልክቶቹን ተቀበሉ፣ «በስመ አብ» ብለው አማተቡ። ክዳኑን የያዘው እጃቸው ዋንጫዋ ላይ ደርሶ ቆመ። ሙሉቀን ከንፈሩን ነከሰ። ሽማግሌው ምን እንዳሰቡ እግዜር ይወቅ፣ እጃቸውን አዛውረው ክዳኑን ባዶው ድንጋይ ላይ አኖሩት። የምናለ ቁልፍ ዋንጫዋ ውስጥ ወድቃ ቅጭል አለች።

ሙሉቀን ጭቃው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ከእነሱ መካከል ግን አንድም ልጅ በእጣው አልተከራከረም፤ ይሄን አልክድባቸውም። በእጣ መከራከር ነውር መሆኑን ሁላችንም ከአባቶቻችን ቅርጫ ተምረነዋል። ስድቡ የመጣው በኋላ ነው። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ስማችን «እጣ በሎች» ሆኖ ጠበቀን። ሰሌዳ ላይ ተጻፈብን። አንዱ አስተማሪ እንኳ ጥያቄ ስመልስ «አውቀህ ነው ወይስ በእጣ?» ብሎ ክፍሉን አሳቀብኝ። ያኔ ያንገበገበኝ ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል።

ምናለ አልቻለም። አንድ ቀን ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሰበሰበንና «ዋንጫዋን ይዘን እንሂድ፣ እንደገና እንጋጠማቸው፣ ስማችን ይጥራ» አለ። ልጆቹ ሁሉ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ተነሥቼ እንቢ አልኩ። «አሥር ጊዜ ብንገጥማቸው ዘጠኙን ይበሉናል» አልኩት፤ «የእኛዋ አንዷ ወጥታለች። ለምንድን ነው የምንመልሰው? ያን ሁሉ ኳስ ማን መለሰው፣ እጣው ነው? አንድ ጎል ገብቶብን ቢሆን ሽማግሌውን ማን ይጠራቸው ነበር?» ምናለ አፈጠጠብኝ። ከዚያ ዝቅ ብሎ የካልሲዋን ኳስ አነሣና «በል ጎል ግባ» አለኝ። ዋንጫዋም ክረምት እስኪመጣ ከእናቱ አልጋ ሥር ቆየች።

በሚቀጥለው ዓመት በመጀመሪያው ጨዋታ ተሸንፈን ወጣን። ይሄንንም አልደብቅም። ዋንጫዋን ሌላ ሰፈር በላት፣ ከዚያም ሌላ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ያከታተለ ቡድን ስላልተገኘ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ኖረች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለቡሄ ወደ ደብረ ታቦር ሄጄ ነበር። ተዳፋታችን ላይ ቤት በቤት ሆኗል፣ ወፍጮውም የለም። የዛሬ ልጆች ማልያቸው ቁጥር አለው፣ ጫማቸው ጥርስ አለው፣ የጎሉ አግዳሚ ብረት ነው፤ በላይ ይሁን በታች ብሎ ማርያምን የሚምል የለም፣ አንዱ በስልኩ ቀርጾታል። ደስ ይላል። ያም ሆኖ ያን ገመድ ናፈቅኩት፤ ያን ቁጡ ምናለንም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ናፈቅኩት።

ሙሉቀንን ያገኘሁት ሜዳው ዳር ነው። አሁን ፀጉሩ ሸሽቷል፣ ጋራዥ አለው። ገና ሲያየኝ «እናንተ እጣ በሎች!» ብሎ አቀፈኝ። የመጣው ሴት ልጁን ለማየት ነበር። ውድድሩ ዛሬ ለሴቶችም ሆኗል፣ የልጁ ቡድን የዚያን ዕለት አሸንፎ ዋንጫ በልቷል። ልጅቷ በላብ ተነክራ እየሮጠች መጣች። በእጇ ያለችውን ጠጋ ብዬ አየሁ። ያቺው ናት። ቀለሟ አልቋል፣ ሁለቱም ጆሮዎቿ የሉም።

«አባዬ፣ አንተ በልተሃት ታውቃለህ?» አለችው።

«ሁለት ዓመት አከታትዬ!»

«ሦስተኛውንስ?»

ሙሉቀን ወደ እኔ ተመለከተ፣ ወደ ልጁ ተመለከተ። ከዚያ ዋንጫዋን ከእጇ ተቀብሎ በሸሚዙ እጅጌ ጭቃዋን መጥረግ ጀመረ።

«ሦስተኛውን ለአንቺ ተውንልሽ» አላት።

«ውሸቱን ነው» አልኳት። «አልተወልሽም። እኛ ነን የነጠቅነው።»

«በእጣ!» አለ ሙሉቀን።

«አዎ፣ በእጣ» አልኩት።